ሸክላውን ከመጣላችሁ በፊት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙዚቃ ወዳጆች፣

እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማነሳው በየቤታችን የሚያጋጥም ጉዳይ ነው። አባት ወይም እናት ያርፋሉ፤ ቤቱ ሲጸዳ ከብፌው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ የዘፈን ሸክላ ይወጣል። ማጫወቻው ከተበላሸ ዘመን የለውም። ልጆቹ ይተያዩና «ዘፈኑ እንደሆነ ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ይሄ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ካርቶኑ ወይ ለቁራሌው ይሰጣል፣ ወይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይወረወራል።

እኔ ያ ካርቶን ዩቲዩብ ላይ የሌለ ነገር ይዟል ባይ ነኝ። ለምን እንደምል ላስረዳ።

የኢትዮጵያ ሸክላ ታሪኩ ረጅም ነው፤ የደራበት ዘመን ግን አጭር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ሸክላ ላይ ያስቀረጹት እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን አዋጅ እያወቀ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ ህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። አገር ጥሎ እስከወጣበት እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ማሳተሚያው አምሃ ሪከርድስ ከ100 በላይ ትንንሽ፣ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ሸክላዎችን አወጣ፤ ትልልቆቹ 12 ያህል ናቸው። አሊ አብደላ ካይፋም በራሱ ስም ያሳትም ነበር፤ የፊሊፕስ ኩባንያም ነበረበት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካሴት ሁሉንም ተካ። እንግዲህ ዛሬ ወርቃማው ዘመን እያልን የምንጠራው፣ ሸክላ ላይ የታተመው አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። አቶ አምሃም ዓለማየሁም በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን ስልካችሁ ላይ ያለው ዘፈን ከየት እንደመጣ አስቡት። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሌላ ካሴት፣ ከዚያ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ኤምፒስሪ፣ ከኤምፒስሪ ወደ ዩቲዩብ። የመገልበጫው ሞተር ትንሽ ፈጠን ካለ ዘፈኑ ከነዜማው ከፍ ይላል፤ የዘፋኙም ድምፅ ይቀጥናል። ኤምፒስሪ ደግሞ ፋይሉ እንዲያንስ ጆሮ አይለየውም የተባለውን ድምፅ ይቆርጣል። የዛሬ ልጅ ጊታሩን ይዞ የድሮውን ቤዝ ሲያጠና፣ እየሰማ ያለው የቅጂ ቅጂ ነው። ቤዙ በደንብ ካልተሰማው ጥፋቱ የሱ አይደለም።

መጀመሪያ የተቀረጹበት ዋናው ቴፕ የተገኘላቸው ዘፈኖች አሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ ሲዲ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹን ለዓለም አሰምቷል፤ ውለታው ትልቅ ነው። ሲዲ ላይ ያልወጡት፣ ቴፓቸውም ያልተገኘው ግን ዋና ቅጂያቸው ሸክላው ራሱ ነው። ያ ሸክላ የማን ብፌ ሥር እንዳለ ማንም አያውቅም።

ይህን ተመልከቱልኝ። መሐሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ያለው፣ ስፋቱ የተዘረጋ እጅ የሚያህል ባለ 45 ዙር ሸክላ ነው። ክቡ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም፣ የባንዱ ስም፣ የሸክላው ቁጥር ታትሟል። ከሥሩ ባለቤቱ በቢክ ስሙን ጽፏል፤ ሸክላ እየተዋዋሱ ስለሚጨፍሩ ማን የማን እንደሆነ እንዳይምታታ። ከወረቀቱ ዳር፣ መርፌው ጨርሶ በሚያርፍበት ባዶ ቦታ ላይ፣ ፋብሪካው ቁጥር ጭሮበታል፤ ብርሃን ላይ ካላዘነበላችሁት አይታይም። ገልብጡት፤ ሌላ ዘፈን አለ። ያ ሁለተኛ ፊት ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ አይገኝም፤ የባንዱም ስም እንደዚያው፤ የዘፋኙ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው። ከኋላ የነፉት፣ የመቱት የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሙዚቀኞች ስማቸው የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝም ይሄ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች የኛን ሸክላ በውድ ይገዛሉ። መሸጥ ነውር አይደለም፤ ችግር ሰውን የማያስደርገው ነገር የለም። ግን ከመሸጣችሁ በፊት በደንብ አስቀርጹት፤ ወረቀቱንም በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሱት።

ስለ አያያዙ፣ ሸክላ ይቆማል እንጂ አይነባበርም። አንዱ ባንዱ ላይ ከተከመረ የታችኛው ይጣመማል። ከመስኮትና ከቆርቆሮ ሙቀት አርቁት። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል፤ ስለዚህ ከፋርማሲ ዲስቲልድ ውሃ ገዝታችሁ በለስላሳ ጨርቅ የመስመሩን ዙር ተከትላችሁ ጥረጉ። ባለ 78 ዙሩን፣ ያንን ከባዱንና ሲወድቅ የሚሰበረውን፣ አልኮል እንዳታስነኩት፤ ይሟሟል። መርፌው ያረጀ ማጫወቻ ላይ አትሞክሩት፤ አንዴ ከፋቀው አይመለስም።

ሲቀረጽ ደግሞ ቢያንስ በ24 ቢት፣ በ48 ወይም በ96 ኪሎኸርዝ፣ በዋቭ፣ ማለትም እንደ ኤምፒስሪ ድምፅ በማይቆርጥ ፋይል ይሁን። ጭርጭርታውን «ላጥራው» ብላችሁ ዋናውን ፋይል አትንኩ። ማጥራት የፈለገ ሌላ ቅጂ ላይ ያጥራ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የተሻለ መሣሪያ ይመጣልና። ፋይሉንም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። ሃርድ ዲስክ ሳይናገር ነው የሚሞተው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሸክላ ግን አሁንም ይዘፍናል። ስለዚህ ከተቀረጸ በኋላም ሸክላውን አስቀምጡት።

አዳራሹ መግቢያ ላይ ማጫወቻ፣ አዲስ መርፌና መቅረጫ አዘጋጅተናል። ሸክላ ይዛችሁ የመጣችሁ ወረፋ ያዙ፤ ሁለቱንም ፊት እንቀርጻለን፤ ፋይሉን በፍላሽ፣ ሸክላውን በእጃችሁ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። በዘመኑ የነበራችሁ ታላላቆቻችን ደግሞ እባካችሁ አጠገባችን ተቀመጡ፤ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ፣ ዘፈኑ የት እንደተቀረጸ የምታውቁትን እየነገራችሁን እንጽፋለን።

አመሰግናለሁ።