አንድ ሰው ለሺህ፦ ስለ ዳይናስቲ ዋሪየርስ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጌም ብቻ ነው። ስለ ዳይናስቲ ዋሪየርስ። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ችግር የለም፣ ከሥሩ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ እሱን ብቻ ያዙልኝ።

ጌሙ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ የጦር አለቃ ትመርጣላችሁ። የጥንቷ ቻይና ጦር ሜዳ መሃል ትገባላችሁ። ከዚያ በያዛችሁት ጎራዴ ወይም ጦር ከፊታችሁ የመጣውን ትጠርጋላችሁ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የጣላችሁት ወታደር ይቆጠራል፣ መቶ፣ አምስት መቶ፣ ሺህ። ጌሙን የሚያጣጥሉ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። «አንድ ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ነው፣ ጭንቅላት አይፈልግም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሰው ሺህ ሰው የሚጥልበትን ነገር ጌም ሠሪዎቹ ከሜዳ እንዳላመጡት ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ቻይናዎች ራሳቸው እነዚህን ጀግኖች ከልጅ ልጅ ሲያወሩላቸው የኖሩት ልክ እንደዚያ ነው።

የሠራው ኦሜጋ ፎርስ የሚባል ቡድን ነው፣ ዛሬ ኮኤይ ቴክሞ በሚባለው የጃፓን ኩባንያ ሥር ያለ። በ1997 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲወጣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚጋጠምበት የድብድብ ጌም ነበር። በ2000፣ ፕሌይስቴሽን 2 ሲመጣ፣ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። አዲሱ ማሽን ብዙ ወታደር በአንዴ ስክሪን ላይ ማውጣት ስለቻለ ድብድቡ ጦርነት ሆነ። ዛሬ የምናውቀው ዳይናስቲ ዋሪየርስ ያኔ ነው የተወለደው።

ታሪኩ ግን ከጌሙ 1,800 ዓመት ይቀድማል። ለ400 ዓመት ገደማ ቻይናን የገዛው የሃን ሥርወ መንግሥት ደክሞ ነበር። ቤተ መንግሥቱን ጃንደረቦችና የንግሥቲቱ ዘመዶች ይሻሙበታል፣ ገበሬው ይራባል፣ ወረርሽኝ ይገባል። በ184 ዣንግ ጁኤ የሚባል ሃይማኖተኛ ሰው ተከታዮቹን ራሳቸው ላይ ቢጫ ጨርቅ አሳስሮ ተነሣ። አመጹ ተደመሰሰ። ችግሩ ግን አመጹን ለመደምሰስ ጦር የተሰጣቸው ሰዎች ጦሩን አልመለሱም። እርስ በርሳቸው ተባሉ። በመጨረሻ ሦስት ቀሩ፦ በሰሜን ጻኦ ጻኦ፣ በደቡብ ሱን ቹዋን፣ በምዕራብ ሊዩ ቤይ። ሃን በ220 አከተመ፣ አገሪቱም እንደገና አንድ የሆነችው በ280 ነው። ጌሙ ከሞላ ጎደል ይህን ሁሉ ዘመን ነው የሚያጫውታችሁ።

አሁን ወደ ቻንግባን ልውሰዳችሁ። ከጌሙ ውስጥ ከልቤ የምወደው ጦርነት እሱ ነው።

ዘመኑ 208 ነው። ሊዩ ቤይ ተሸንፎ ወደ ደቡብ እየሸሸ ነው። ጻኦ ጻኦን የፈራ ሕዝብ ልጁንና ዕቃውን ይዞ ከኋላው ተከተለው፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ነበር ይባላል። አማካሪዎቹ «ሕዝቡን ትተህ ቅደም» ቢሉት ሊዩ ቤይ እምቢ አለ። ጻኦ ጻኦ 5,000 የተመረጡ ፈረሰኞች ላከ። ፈረሰኞቹ ቀንና ሌሊት ጋልበው ቻንግባን ላይ ደረሱባቸው። ሊዩ ቤይ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ሳይቀር ጥሎ ጥቂት ሰው ብቻ አስከትሎ አመለጠ። ያን ጊዜ ዣኦ ዩን የሚባለው አለቃ ሕፃኑን አቅፎ፣ እናቱንም ጠብቆ፣ በሕይወት አወጣቸው።

በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ቼን ሾው ስለዚህ ነገር የጻፈው እንዲህ አጭር ነው፣ አንድ ሁለት መስመር። ቀጥሎ ግን ተረት ነጋሪዎች መጡ፣ ቴአትር መጣ፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ሉዎ ጉዋንዦንግ ጻፈው የሚባለው ትልቁ ልቦለድ መጣ። እዚያ ስንደርስ ዣኦ ዩን ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስሮ፣ ብቻውን የጻኦ ጻኦን ሠራዊት ሰንጥቆ፣ ከሃምሳ በላይ የታወቁ የጠላት አለቆች ገድሎ ይወጣል። ጻኦ ጻኦ ከኮረብታ ላይ ሆኖ አይቶት «ቀስት እንዳትተኩሱበት፣ በሕይወት ያዙልኝ» ይላል። ሕፃኑን ሲያስረክብ ደግሞ ሊዩ ቤይ «በአንተ ምክንያት እንዲህ ያለ አለቃ ላጣ ነበር» ብሎ ልጁን መሬት ይጥለዋል። ይሄ ሕፃን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሊዩ ሻን ነው። አድጎ ነገሠ፣ በ263ም የአባቱን መንግሥት ለጠላት አስረከበ።

እንግዲህ ተመልከቱ። ሁለት መስመር ታሪክ ምዕራፍ ሆነ፣ ምዕራፉ ደግሞ ጆይስቲክ ይዘን የምንጫወተው ጦር ሜዳ ሆነ። ዣኦ ዩንን ይዛችሁ ሺህ ሰው ስትጥሉ ጌሙ አይዋሽም፣ ከዘመናት የመጣ ትረካ እየቀጠለ ነው። ጉዋን ዩ የሚባለውን የሊዩ ቤይ አለቃ ብትወስዱ እስከ ዛሬ ቤተ መቅደስ አለው። የቻይና ሱቆችና ምግብ ቤቶች ውስጥ ሐውልቱ ይቆማል፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ ሳይቀር ይገኛል። አምላክ የተደረገ ሰው ጌም ውስጥ ቢገን ምን ይገርማል?

የተጋነነ የሚመስል ሁሉ ደግሞ የተጋነነ አይደለም። በ215 ሄፌይ ላይ የጻኦ ጻኦ አለቃ ዣንግ ሊያኦ 800 ሰው መርጦ፣ ገና በጠዋቱ፣ መቶ ሺህ ነው የተባለለትን የሱን ቹዋን ጦር ሰብሮ ገብቷል። ስሙን እየጠራ እየፎከረ ሱን ቹዋን የቆመበት ድረስ ደርሷል። ይሄ ከልቦለዱ ሳይሆን ከታሪክ መዝገቡ ነው።

ጭንቅላት አይፈልግም የሚሉትን ደግሞ ቺቢ ላይ ልጋብዛቸው። እዚያው 208 ላይ፣ ያንግትዜ ወንዝ ላይ፣ የጻኦ ጻኦ መርከቦች ተያይዘው ቆመዋል። ከደቡቡ ወገን ሁዋንግ ጋይ እጄን እሰጣለሁ ብሎ አታሎ፣ ማገዶና ዘይት የተጫነባቸው መርከቦች በእሳት ይለቅባቸዋል። ጌሙ ውስጥ ከደቡቡ ጋር ከሆናችሁ ነፋሱ እስኪነፍስና እሳቱ እስኪለቀቅ ዕቅዱን መጠበቅ አለባችሁ። እናንተ አንድ ጥግ ላይ ወታደር ስትቆጥሩ ወዳጃችሁ ሌላ ጥግ ላይ ይወድቃል፣ የሠራዊቱ ሞራል ይወርዳል፣ ዋናው አዛዥ ይከበባል፣ በቃ ተሸነፋችሁ። ሁለት ሺህ ሰው ጥላችሁም ቢሆን። ካርታውን የማያይ ሰው ከባድ ደረጃ ላይ ዕድሜ የለውም።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ፣ እሱንም በግልጽ ልበል። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚቆጠረው ያ ቁጥር። በ157 የተመዘገበው የቻይና ሕዝብ 56 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ280 ሲመዘገብ 16 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ሁሉም ሞተ ማለት አይደለም፣ የተሰደደ አለ፣ በየባላባቱ ሥር ተደብቆ ያልተቆጠረ አለ። ግን ጦርነቱ፣ ረሃቡና ወረርሽኙ የፈጀው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ጌሙ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ስም የለውም፣ ፊቱ አንድ ዓይነት ነው፣ ሲወድቅ ይጠፋል። ለብዙ ዓመታት ደግሞ ቆሞ መመታት ብቻ ነበር ሥራው። እኔ ስለ ጀግኖቹ እያነበብኩ ስሄድ ነው ስለነዚህ ሰዎች ማሰብ የጀመርኩት፣ ወደ ንባቡ የወሰደኝም ራሱ ጌሙ ነው።

ለዚህ ነው በጥር 2025 የወጣው፣ ኦሪጅንስ የተባለው የጌሙ ክፍል ደስ ያለኝ። ከዚያ በፊት በ2018 የወጣው ዘጠነኛው መላ ቻይናን ክፍት ካርታ አድርጎ ጦርነቱን በተነው፣ ፈረስ ላይ ሆኖ ባዶ ሜዳ ማቋረጥ በዛ። ለእኔ የተከታታዩ ደካማው እሱ ነው። ኦሪጅንስ ወደ ጦር ሜዳው ተመለሰ። ሠራዊት ከሠራዊት ጋር ሲጋጠም መሬቱ በሰው ይሞላል፣ የራሳችሁ ወታደሮች ከጎናችሁ ይሮጣሉ፣ ያዘዛችኋቸውን ይፈጽማሉ። ብቻችሁን ዘላችሁ ከገባችሁ ሉ ቡ የሚባለውን የመሰለ ኃይለኛ አለቃ በጥቂት ምት ያስተኛችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላዬ ያለው ጦር ያስፈልገኛል ብዬ ተጫወትኩ።

ሁለት ቅሬታ ግን አለኝ። አንደኛው፣ ለሁለት መጫወት የለም። ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለን፣ አንዱ «ጻኦ ጻኦ ተከቧል፣ ድረስለት!» እያለ ሌላው ፈረሱን እየጋለበ ነበር የምንጫወተው። ወንድም ከወንድሙ፣ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር። የዚህ ጌም ግማሽ ጣዕም እሱ ነው፣ መቅረት አልነበረበትም። ሁለተኛው፣ ታሪኩ ቺቢ ላይ ያቆማል። የጉዋን ዩ መጨረሻ የለም። ሊዩ ቤይ ለእሱ ሊበቀል ወጥቶ በ222 ዪሊንግ ላይ የተሸነፈበት የለም። የሊዩ ቤይ አማካሪ የነበረው ዡጌ ሊያንግ በ234፣ ዘመቻ ላይ እንዳለ፣ ውዣንግ ሜዳ ላይ ታሞ የሞተበት የለም። ሠሪዎቹ ቀሪውን በዚሁ አያያዝ ቢሠሩት፣ ያን ሁለተኛ ጆይስቲክም ቢመልሱልን፣ እኔ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው የምገዛው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። የማትስማሙም ካላችሁ ከእናንተ እንጀምር።