ዳኑሽኮዲ የፎቶ ቦታ አይደለም

ክቡራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በህንድ አብረን የተማርን ጓደኞቼ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

የጉዞ ኮሚቴው ስለ ራሜሽዋራም እንድናገር ጠይቆኛል። ደሴቲቱ በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ ግዛት ጫፍ፣ ከስሪላንካ ፊት ለፊት ናት። ሂንዱዎች አምላካቸው ራማ የላንካውን ንጉሥ ራቫናን ድል ነስቶ ሲመለስ ሺቫ የተባለውን አምላክ ያመለከባት ምድር ናት ይላሉ።

በደሴቲቱ ባለው የሺቫ ቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ 22 የተቀደሱ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ምእመኑ አስቀድሞ ባሕር ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የቆመው ሰው በባልዲ እየቀዳ አናቱ ላይ ያወርድበታል። ልብሱ እንደራሰ፣ በባዶ እግሩ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ልጃቸው ደግፏቸው የመጡ አንዲት እናት አይቻለሁ። ውሃው ሲወርድባቸው ትንፋሻቸው ቁርጥ አለ፤ ፊታቸውን ጠርገው ፈገግ አሉና ልጃቸውን ወደፊት ጎተቱት። እንጦጦ ማርያም ጠበል ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ውስጠኛው መቅደስ ሂንዱ ላልሆነ አይፈቀድም፤ እኔም አልገባሁም፣ ቅርም አላለኝም።

የመጣሁበት ጉዳይ ግን ዳኑሽኮዲ ነው። በደሴቲቱ ጫፍ ባቡር ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ፖስታ ቤት የነበራት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1964 ሌሊት አውሎ ነፋስ ባሕሩን አንስቶ አለበሳት። በዚያው ደሴት ካለችው ከፓምባን የመጣው ባቡር ከመቶ በላይ ተሳፋሪዎቹን እንደያዘ ተጠርጎ ሄደ፤ አንድም አልተረፈም። መንግሥት ከዚያ በኋላ ለመኖሪያ አትሆንም አለ። ዛሬ የቀረው ጣሪያ የሌለው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ዛጎል የሚሸጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው።

ታዲያ ባለፈው በቡድናችን ገጽ ላይ ምን አየን? የእኛው ሰዎች ያን ግድግዳ ላይ ወጥተው እየዘለሉ ሲሳሳቁ! የተማርን ነን እንላለን! የሞተ ሰው ቤት ገብቶ የሚጨፍር የት አገር ነው ያደግነው? እዝን ያስተማረን ሕዝብ ልጆች አይደለንም?

የቀሩትን ባጭሩ ልበል። የህንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዱል ካላም የተወለዱትም የተቀበሩትም እዚያው ነው። ሙስሊም አባታቸው ሂንዱ ተሳላሚዎችን በጀልባ ወደ ዳኑሽኮዲ ያመላልሱ ነበር። የካላምን መቃብር ተሳለሙ። ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኘው አዲሱ የፓምባን ባቡር ድልድይም እ.ኤ.አ. በ2025 ተከፍቷል።

ኮሚቴው ባደለን መርሐ ግብር ላይ «ዳኑሽኮዲ፦ የፎቶ ሰዓት» የሚል አለ። ዛሬውኑ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ይሰረዝልኝ። አመሰግናለሁ።