ቻርጅ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶችና ሆስፒታሎች ለወገኖቻችን የምታስተረጉሙ ባልደረቦች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ቻርጅ የሚባለው ቃል ነው። አማርኛችን ከስልኩ ጋር ተቀብሎታል፤ «ቻርጅ ጨረስኩ» ሲባል የማይገባው የለም። ችግሩ የሚመጣው ከሶኬቱ ስንርቅ ነው።

ቃሉ ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ሲገባ መነሻው ጋሪ መጫን ነበር። «መጫን»ን ከያዛችሁ ብዙው ይፈታል፤ ባትሪው ላይ ኤሌክትሪክ፣ ደንበኛው ላይ ሒሳብ፣ ሹሙ ላይ ኃላፊነት፣ ተጠርጣሪው ላይ ክስ ይጫናል።

የትኛው እንደተጫነ የሚነግራችሁ አጠገቡ ያለው ትንሽ ቃል ስለሆነ አትቸኩሉ። ፎር ከተከተለ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ተጠየቀ፤ አት ከተከተለ ተንደርድሮ መጣበት። ዊዝ ከተከተለና ወንጀል ከተጠራ ተከሰሰ፤ ሥራ ከተጠራ ግን ኃላፊነት ተሰጠው። ኢን ቻርጅ ኦቭ የተባለ ሰው ኃላፊ ነው። ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ ከተባለ ግን እሱ ራሱ በሌላ ሰው ኃላፊነት ሥር ነው። አንዲት «ዘ» ጠባቂውን ተጠባቂ ታደርገዋለች!

ፍርድ ቤት ውስጥ የእኛ «ክስ» ከእነሱ ቻርጅ ይሰፋል። ለእኛ የፍቺውም ክስ ነው፤ እዚያ ቻርጅ ብዙውን ጊዜ የወንጀል ነው። «ባለቤቴ ከሳኛለች» ያለ ሰው ስለ ፍቺ ይሁን ስለ ወንጀል ሳታጣሩ ቻርጅ ካላችሁ፣ የሌለበትን ወንጀል አሸከማችሁት። ቻርጅድ የተባለውንም «ተፈረደበት» አትበሉ፤ ገና አልተፈረደበትም። ዳኛው ለጁሪው፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ዜጎች፣ የሚሰጠው መመሪያም፣ ይገርማችኋል፣ ቻርጅ ይባላል።

የኢሚግሬሽኑ ፐብሊክ ቻርጅ ከክስ ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. ከ1882ቱ ሕግ ጀምሮ ለኑሮው የመንግሥት ሸክም የሚሆንን ሰው ያመለክታል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚከለክለው ደንብ በስደተኝነትና በጥገኝነት የገቡትን አይመለከታቸውም፤ ቃሉ በስህተት ሲተረጎም ግን እነሱም ይደነግጣሉ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በቻርጅ ኦፍ ነው። የክሬዲት ካርድ ዕዳ 180 ቀን ሳይከፈል ሲቆይ ባንኩ በመዝገቡ ላይ እንደ ኪሳራ ይይዘዋል። «ዕዳው ተሰረዘ» ብላችሁ ከተረጎማችሁ ባለዕዳው እፎይ ብሎ ይተኛል። ዕዳው ግን አለ፤ ለዕዳ ሰብሳቢ ሊሸጥ፣ ፍርድ ቤትም ሊያስቀርበው ይችላል። «ባንኩ እንደ ኪሳራ መዝግቦታል፤ ዕዳው ግን አልቀረም» በሉ። ከክፍያ ነጻ የሚያደርገው በባንክራፕሲ፣ ማለትም ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው በሚቀርብበት ችሎት፣ የሚሰጠው ዲስቻርጅ ነው፤ እሱም ሁሉንም ዓይነት ዕዳ አይሸፍንም።

ይኸው ዲስቻርጅ ሆስፒታል ሲገባ ሁለት ነው፤ የታማሚው መውጣት ወይም ከቁስል ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል የሚወጣ ፈሳሽ። ቻርጅ ነርስ ደግሞ ሒሳብ ጠያቂ አይደለችም፤ የፈረቃው ኃላፊ ናት።

አሁንም ካልለየላችሁ አትገምቱ። «አስተርጓሚው ማብራሪያ ይጠይቃል» ብላችሁ ተናጋሪውን አስቁሙ፤ የጠየቃችሁትንም ለታማሚው ወይም ለተከሳሹ በአማርኛ ንገሩት።