አብረን ዝም ብለን እንሳል

ውድ ሠዓሊያን፣ የሐዋሳ ወጣቶች፣ የጥበብ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

ዛሬ የማወራው ቡድሂስቶች አንድ ላይ ስለሚቀመጡት ተመስጦ ነው። ሃይማኖት ልሰብክ አይደለም፤ ሁላችንም የየራሳችን እምነት አለን። እኔን የሳበኝ አሠራራቸው ነው።

በጃፓን፣ ዜን በሚባለው የቡድሂዝም ዘርፍ ገዳማት፣ ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሶቶ በሚባለው የዜን ሥርዓት ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ደወል ሲመታ ጸጥ ይላሉ። ብዙ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ተቀምጠው ይነሳሉ፣ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ እንደገና ይቀመጣሉ። ታዲያ ካልተያዩና ካልተነጋገሩ ለምን በየቤታቸው አይቀመጡም?

መልሱን ከሰል ይዞ ከወረቀት ጋር የታገለ ሰው ያውቀዋል። ብቻችንን ስንሆን ንድፉ እምቢ ሲለን ወዲያው እንነሳለን። ቡና ያምረናል፣ ስልክ እንከፍታለን። አጠገባችን ሌላ ሰው እየሳለ ከሆነ ግን እንቆያለን። እኔ እንዳየሁት፣ ጥሩው መስመር የሚመጣው ልነሳ ካልን በኋላ ነው።

የቲቤት መነኮሳት ከአሸዋ የሚሠሩት ማንዳላ የሚባል ቅዱስ ሥዕል ደግሞ ይብስ ያስደንቀኛል። በአንድ ሰሌዳ ዙሪያ አጎንብሰው፣ ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር ይሠራሉ። በእጃቸው ባለቀለም አሸዋ የተሞላ፣ ጫፉ የቀጠነ የብረት ቱቦ አለ። የቱቦው ጎን እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። በሌላ ብረት ሲያሹት ይንቀጠቀጥና አሸዋው በስሱ ይፈሳል። ቀስ ካሉ ጥቂት ፍሬ ይወርዳል፤ ካፈጠኑ ይበዛል። አንዱ ቢቸኩል የሌላው ሥራ ይበላሻል። ፊርማ የሚባል ነገር የለም። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት የለፉበትን ሥራ በመጨረሻ ጠርገው ወራጅ ውሃ ውስጥ ይጨምሩታል።

ሥዕላችሁን ጣሉ አልልም። ሠዓሊ ከሥራው መኖር አለበት። ግን «ይሸጥልኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ገና በመጀመሪያው መስመር ከገባ እጅን ያስራል። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ሲደነዝዝ አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ እንገናኝ። ስልክ በር ላይ ይቀመጥ። 40 ደቂቃ ያለ ወሬ እንሳል፣ እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግራችን ደርሰን እንመለስ፣ ደግመን እንሳል። አስተያየት ከዚያ በኋላ ይሁን። መሳል አልችልም የሚልም ይምጣ። ወረቀትና ከሰል አዘጋጅተናል።

አመሰግናለሁ።