ካርቶን ውስጥ የቀረው ስቲከር

እንደምን አመሻችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ።

አዘጋጆቹ ስለ ኮርቬት፣ ሸቭሮሌ ስለሚሠራት የአሜሪካ የስፖርት መኪና፣ «ሊሚትድ ኤዲሽን» (በቁጥር ተወስነው የሚሠሩ) መኪኖች እንድናገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ መኪና ሳይሆን ካርቶን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ የምሠራበት ጋራዥ ድረስ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት መኪናቸውን በሌላ መኪና አስጭነው መጡ። የ1978 ኮርቬት ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው)፤ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ብርማ፣ መሐሏ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር የተሰመረባት። ማይል ቆጣሪዋ 400 እንኳ አልሞላም። ከመቀመጫው ኋላ አንድ ካርቶን አየሁ። ከፈትኩት፤ በሩ ላይ የሚለጠፈው የኢንዲያናፖሊስ መኪና ውድድር ስቲከር እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። ያኔ ስቲከሩ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር የሚመጣው፤ የፈለገ ገዢ ያስለጥፍ፣ ያልፈለገ ይተው ተብሎ። ሰውዬው ዋጋዋ እንዳይቀንስ ብለው አላስለጠፉትም፤ በዚያው ምክንያት አልነዷትም። ለልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ነበር ያሰቧት። ልጁ ኮሌጁን ጨርሶ ልጆች ወልዷል፤ መኪናዋ ከነካርቶኗ አለች።

እነዚህ ሰው ምን እንዳታለላቸው ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ኮርቬት በ1953 ፍሊንት፣ ሚሺጋን ውስጥ ስትጀመር በዚያ ዓመት የወጡት 300 ብቻ ነበሩ። ሁሉም ነጭ፣ የሁሉም ውስጥ ቀይ። ማንም ሊሚትድ ኤዲሽን ብሎ አልጠራቸውም። በእጅ ነበር የሚገጣጠሙት፤ የፋይበርግላስ ቦዲ ደግሞ ለሠራተኞቹም አዲስ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው አቅማቸው ያ ስለነበር ነው።

ኮርቬት 25 ዓመት ሲሞላት፣ በ1978፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር መሪ መኪና፣ ማለትም ተወዳዳሪዎቹን ከፊት እየመራች የምታስጀምር፣ ሆና ተመረጠች። ሸቭሮሌ ለመታሰቢያ የሷን አምሳያ 300 ሊሠራ አሰበ፤ ልክ እንደ 1953ቱ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዓመት 100 ይሁን፣ በድምሩ 2,500 ተባለ። ሻጮቹ ደግሞ በፊናቸው «የኛ ድርሻስ?» አሉ። መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ሻጭ ቢያንስ አንድ ትድረሰው ተብሎ 6,502 ተሠራ። ስሟ ግን ያው ሊሚትድ ኤዲሽን እንደሆነ ቀረ። የተለጠፈባት ዋጋ 13,653 ዶላር ከ21 ሳንቲም ነበር። ዎል ስትሪት ጆርናል ስለ ሽሚያው የፊት ገጹ ላይ ሲጽፍ ገበያው ጭራሽ አበደ፤ እጥፍ የሚጠይቅ ሻጭ ሞላ።

ያ የተለጠፈባት ዋጋ በዛሬው ዶላር ሲሰላ ከ60 ሺህ ያልፋል። መኪናዋ ግን ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ባነሰ ዋጋ ነው የምትሸጠው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም ደበቃት። የኮሌጅ ክፍያ ትሆናለች ብለው የሸሸጓት እኒያ አዛውንት ብቻ አልነበሩም፤ በየክፍለ ግዛቱ ላም አለኝ በሰማይ የሚል ሰው ነበር። ሁሉም ያስቀመጠው ዕቃ ብርቅ አይሆንም።

ደግሞ ማስቀመጡም በነጻ አይደለም። የዚያ ዘመን ኮርቬት በእያንዳንዱ ጎማ 4፣ በጠቅላላው 16 የፍሬን ፒስተን አላት። ፒስተኑ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ከብረት የተቀረጸ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ መኪና ካልተንቀሳቀሰ እርጥበቱ እዚያው ተኝቶ ብረቱን በዝገት ይበሳሳዋል። አንድ ቀን ፔዳሉን ስትረግጡት ፒስተኑን የከበበው ጎሚኒ በዝገቱ ላይ ሲፋቅ ይቀደዳል፤ ዘይቱ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። የአዛውንቱን መኪና ስከፍት አራቱም ጎማ ጋ እንደዚያው ነበር። ጉድጓዶቹን በማይዝግ ብረት ማስለበስ ግድ ሆነ። «ሳልነዳት እንዴት ተበላሸች?» አሉኝ። «ስላልነዷት ነው፣ ጌታዬ» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

እና ብርቅዬዋ የትኛዋ ናት? እኔን ከጠየቃችሁኝ ፋብሪካው እንዳትሸጥ የፈለጋት። በ1967 ኤል88 የሚባል ሞተር ነበር። ለውድድር የተሠራ ነው፤ የተገጠመባት መኪና ማሞቂያ የላት፣ ሬዲዮ የላት። ፋብሪካው የዋጋ ዝርዝሩ ላይ የጻፈው ጉልበት 430 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ከሱ ርካሽ የሆነው ሞተር 435 ተብሎ ተጽፏል። ጉልበት ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው 435ቱን ይዞ ይሂድ ነው ነገሩ። እውነተኛው ጉልበት ከ500 በላይ እንደሆነ እሽቅድምድም ውስጥ ያሉ ሰዎች ብቻ ያውቁ ነበር። በዚያ ዓመት 20 ተሸጠ። ከነዚያ መካከል በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣች አለች። ካርቶን የላትም፣ ስቲከር የላትም፣ ኮፈኗ ላይ መታሰቢያ አልተጻፈም።

የ1982ቱ «ኮሌክተር ኤዲሽን» ላይ ብዙ አልቆይም። 6,759 ተሠርተው ነበር፤ ቆንጆ የኋላ መስተዋት አላት፤ ሰብሳቢ የሚለውን ስም ግን ገና ሳትሰበሰብ ነው የሰጧት።

አንዷን ግን አልከራከርም። የ1996ቱ ግራንድ ስፖርት። ሰማያዊ፣ መሐሏን ነጭ መስመር ያለፈባት፣ በግራ የፊት ፓራፋንጎዋ ላይ ሁለት ቀይ ምልክት። 1,000 ተባለ፣ 1,000 ተሠራ፤ 810 ባለ ጣራ፣ 190 ክፍት። ስሟን የወሰደችው ኢንጂነሩ ዞራ አርከስ ደንቶቭ በ1963 ለውድድር ሲያሰናዳቸው አለቆቹ 5 ላይ ካስቆሙት መኪኖች ነው።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከደላላው ቃል በፊት ሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። የ1978ቷ መሪ መኪና ተራ ቁጥር በ9 ይጀምራል፤ 900001 ብሎ። የ1996ቷ ግራንድ ስፖርት ደግሞ ከ600001 ተነስታ 601000 ላይ ታበቃለች። ጥቁርና ብርማ ቀለም ማንም ቀቢ ይቀባል፤ ቁጥሩን ግን መቀባት አይችልም። የኤል88ን ግን ሻንሲ ቁጥሩ አይነግራችሁም። ከ1967 ጀምሮ ፋብሪካው የመኪናዋን ዝርዝር የያዘ ወረቀት ነዳጅ ታንኩ አናት ላይ ይለጥፍ ነበር። ታንኩን አውርዶ ያላሳያችሁን ሻጭ፣ ሊብሬዋን ወርቅ ቢለብጠውም፣ አትመኑት።

የኔዋ ውጭ ቆማለች፤ የ1979 ናት። በዚያ ዓመት 53,807 ተሠርተዋል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም በአንድ ዓመት ይህን ያህል ኮርቬት አልወጣም። ስለዚህ ከሁሉም ተራዋ ናት ማለት ይቻላል። መቀመጫዋ ግን በ1978 በዚያች ሊሚትድ ኤዲሽን ብቻ የተጀመረው ነው፤ በዓመቱ ለሁሉም ሰጡት። ቆዳው በግራ በኩል ትንሽ ተልጧል፣ እኔው ነኝ የላጥኩት። ቁልፉ እላይዋ ላይ ነው። ልጆቻችሁን አምጡና አስነሷት፤ ፍሬኗን ጠግኜዋለሁ።