ሐኪሙ ስፖርት ሲያዝ

ሀ፦ ዌልስ ውስጥ ድብርት ወይም ጭንቀት ይዞህ ሐኪም ጋ ብትሄድ፣ ከሌላው ሕክምና ጋር የስፖርት ሪፈርም ሊጽፍልህ ይችላል።

መ፦ ወደ ጂም ነው ሪፈሩ?

ሀ፦ አዎ፣ ሰፈርህ ወዳለው ስፖርት ማዕከል። ለዚሁ የሠለጠነ አሰልጣኝ ይቀበልሃል፣ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ታወራላችሁ፣ ከዚያ 16 ሳምንት ይከታተልሃል። በአገር ደረጃ የጀመሩት በፈረንጆቹ 2007 ነው።

መ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ አላሳመነኝም። ታናሽ ወንድሜ ሲታመም «ወጣ በል፣ ሩጥ፣ ይለቅሃል» ያላልነው ቀን የለም። አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አየሁት፣ አንዱን ጫማ አስሯል፣ ሌላው እጁ ላይ ነው። ከሰዓት ስመለስ እዚያው ነው። ጫማውም እጁ ላይ። ከዚያ ወዲህ «ሩጥ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

ሀ፦ አይዞህ ወንድሜ። እኔም ልል የፈለግኩት ምክርና ሪፈር ለየቅል ናቸው ነው። ሪፈር ሲሆን ማክሰኞ ጠዋት ስምህን የሚያውቅ ሰው እዚያ ይጠብቅሃል። ደግሞ አጥንተውታል፣ ከ2,000 በላይ ሰው ገብቶበት ውጤቱ በ2012 ወጣ። በአእምሮ ጤና ችግር ከተላኩት ላይ ድብርቱም ጭንቀቱም ቀንሶ ተገኘ። የእንቅስቃሴያቸው መጠን ግን ካልተላኩት ጋር ሲተያይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም።

መ፦ ቆይ እስቲ! ታዲያ ምኑ ነው ያሻላቸው?

ሀ፦ የኔን ግምት ልንገርህ? ሰው ነው። የሚጠብቅህ ሰው።

መ፦ እናቴ ጎረቤት ከቡና ከቀረች ልጅ ትልክ ነበር፣ «ምነው ጠፋሽ በላት» ብላ። ወንድሜን ግን ማንም መጥቶ «ና አብረን እንሂድ» አላለውም። እኔም ጭምር።

ሀ፦ የእንግሊዝ የ2022 የሕክምና መመሪያም ቀለል ላለ ድብርት ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው በቡድን የሚሠራ የአካል እንቅስቃሴ ነው፣ ስምንት ሰው ገደማ አንድ ላይ፣ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ፣ ለ10 ሳምንት። መድኃኒት የጀመራችሁ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ፣ አደራ።

መ፦ እዚያ ያለ፣ እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰውስ?

ሀ፦ ሐኪም ጋ አስተርጓሚ በነጻ ነው። ቀጠሮ ለመያዝ ስትደውሉ ገና «አማርኛ» በሉ። «የስፖርት ሪፈር ይሆነኛል ወይ?» ብላችሁም ራሳችሁ ጠይቁ፣ ሐኪሙ እስኪያነሳው አትጠብቁ።