ከፖቶሲ የብር ተራራ እስከ ዩንጋስ ከበሮ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ቦሊቪያ ላወራችሁ ነው። ቦርሳዬን አዝዬ በአውቶቡስና በሚኒባስ የዞርኩባት አገር ናት። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

ብዙ ሰው ቦሊቪያ የሚሄደው የኡዩኒን የጨው ሜዳ ለማየት ነው። እኔም አየሁት። ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነጭ ጨው ነው። ዝናብ ሲተኛበት ሰማዩ እግራችሁ ሥር ይመጣል። በጣም ያምራል። ግን ፎቶውን ሁላችሁም ስላያችሁት አልቆይበትም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ አገር ያሉት ጥቁር ሕዝቦች ታሪክ።

መጀመሪያ ግን ላ ፓዝ። ከተማዋ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከላይዋ ያለችው ኤል አልቶ ደግሞ 4,000 ሜትርን ታልፋለች። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ ከፍታ አይበግረኝም የምል ሰው ነኝ። እዚያ ግን አንድ ደረጃ ወጥቼ ትንፋሼ ቁርጥ ይል ነበር። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት የኮካ ቅጠል በፈላ ውሃ ነክራ ሰጠችኝ። ኮካ እዚያ ከጥንት ጀምሮ ያለ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ገበሬውም፣ ሾፌሩም፣ ማዕድን ቆፋሪውም ልክ እንደ ጫት ጉንጩ ውስጥ ይወትፈዋል። ቦሊቪያ በዚህ ቅጠል ምክንያት ከተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ወጥታ ነበር። በ2013 ስትመለስ ሕዝቧ ቅጠሉን የማኘክ መብቱ እንዲጠበቅ አስመዝግባ ነው የገባችው። ይሄ ያስደንቀኛል። አንድ አገር ለአያቶቹ ልማድ እንዲህ ሲከራከር ደስ ይለኛል።

በከተማው ውስጥ ዓይን የሚይዙት ቾሊታዎቹ ናቸው። አይማራና ኬቹዋ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ሴቶች ማለቴ ነው። ሰፊ ድርብርብ ቀሚስ፣ ሁለት ረጅም ሹሩባ፣ አናት ላይ ቁጭ ያለች ክብ ባርኔጣ፣ ጀርባ ላይ ደግሞ ባለቀለም ማዘያ። ከ1952ቱ አብዮት በፊት ነባር ሕዝቦች የላ ፓዝን ዋና አደባባይ እንኳ እንደ ልብ አይረግጡም ነበር። ዛሬ በዚያው ቀሚስ ቴሌቪዥን ላይ ዜና የሚያነቡ፣ ፓርላማ የሚገቡ ሴቶች አሉ። በ2019 ደግሞ ቾሊታ ተራራ ወጪዎች ቀሚሳቸውን እንደለበሱ አኮንካጓ ጫፍ ደረሱ። ከእስያ ውጪ በዓለም ረጅሙ ተራራ ነው።

ምሳዬን ገበያ ውስጥ ነበር የምበላው። መጀመሪያ ትኩስ ሾርባ ይመጣል፣ ውስጡ ቹኞ አለበት። ቹኞ ድንች ነው፤ ግን ሌሊት ውርጭ ላይ አስጥተው ያቀዘቅዙታል፣ ቀን በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያወጡለታል፣ ከዚያ ፀሐይ ያደርቀዋል። ሲያልቅ ጥቁር ጠጠር ይመስላል። ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀምሱት አፈር አፈር ይላል፤ እኔ ግን ቶሎ ወደድኩት።

አንድ ቀን በሚኒባስ ስሄድ ፊት ለፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ አየችኝና ጓደኛዋን ክንዷ ላይ ቆነጠጠቻት። «ሱዌርቴ፣ ኔግሪታ» አለች። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ምንም አልገባኝም። ማታ ያረፍኩበት ቤት ሴትዮዋን ጠየቅኳት። እያፈረች ነገረችኝ። ሱዌርቴ ዕድል፣ ኔግሪታ ደግሞ ትንሿ ጥቁር ማለት ነው። ጥቁር ሰው ሲያዩ አጠገባቸው ያለውን ሰው መቆንጠጥ ዕድል ያመጣል ተብሎ ይታመናል። አንዳንዱማ ራሱን ጥቁሩን ሰው ይቆነጥጣል።

እውነት ለመናገር በጣም ከፋኝ። ክፋት እንዳልነበራቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ቢሆንም ሰው የሌላ ሰው ገድ መሆን የለበትም። ከዚያ በኋላ ነው «እዚህ አገር ጥቁር የሆኑት ሰዎችስ በየቀኑ እንዴት ነው የሚኖሩት?» ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። ጉዞዬም በዚያው አቅጣጫውን ቀየረ።

ታሪኩ ፖቶሲ ይጀምራል። ከተማዋ ላይ ሴሮ ሪኮ የሚባል ቀይ ተራራ ተደፍቶባታል፤ ሀብታሙ ተራራ ማለታቸው ነው። በ1545 ብር ተገኘበት። መቶ ዓመት ሳይሞላ ፖቶሲ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ ከተሞች አንዷ ሆነች። ብሩን ያወጡት ግን በግዳጅ የመጡ የአንዲስ ሰዎች ናቸው። የስፔን መንግሥት ከየአውራጃው ወንዶችን በዙር እያስመጣ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባቸው ነበር። ከአፍሪካ በባርነት የተጫኑ ሰዎችም እዚያ ደረሱ። ብዙዎቹ ሳንቲም በሚመታበት ቤት ሠርተዋል። ያ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ብሩን ይደፈጥጡ የነበሩት ግዙፍ የእንጨት ማሽኖች አሁንም አሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ቆምኩ። በዚያ ብር ስንት ቤተ መንግሥት፣ ስንት መርከብ እንደተሠራ አስቡት። የሠሪዎቹ ስም ግን የትም የለም።

ተራራው ዛሬም ይቆፈራል። ጉብኝት ቢኖርም ቆፋሪዎቹ እውነተኛ ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ በአቧራው ሳንባቸው ይጎዳል። ከመግባታችሁ በፊት ከቆፋሪዎቹ ገበያ ኮካና ለስላሳ ገዝታችሁ ትሰጧቸዋላችሁ። ውስጥ ኤል ቲዮ የሚሉት ቀንዳም ሐውልት አለ። የከርሰ ምድሩ ጌታ ነው ይላሉ። ሲጋራ ያቀጣጥሉለታል፣ አልኮል ያፈሱለታል። እነዚሁ ሰዎች እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሁለቱን ምንም ሳይጋጭባቸው አብረው ይዘውታል።

ከዚህ በኋላ ዩንጋስ ወደሚባለው ቆላ ወረድኩ። ከላ ፓዝ ስትወጡ ከፍታው 4,600 ሜትርን የሚያልፍ የተራራ በር አለ፤ ብርድና ጉም ነው። ከዚያ መኪናው ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሙዝና ብርቱካን መታየት ይጀምራል። የጥንቱ መንገድ ብዙ ሰው ስለጨረሰ «የሞት መንገድ» ይሉታል። አሁን በአብዛኛው ብስክሌተኞች ናቸው የሚወርዱበት። አፍሪካውያኑ ወደዚህ ቆላ የመጡት ለኮካ እርሻ ነው። ባርነት በ1851 በሕግ ቀረ። ግን ልጆቻቸው እስከ 1953ቱ የመሬት ማሻሻያ ድረስ በባለርስቶች መሬት ላይ በነጻ ይሠሩ ነበር።

ቶካኛ የምትባል መንደር ኮሮይኮ ከምትባለው የዩንጋስ ከተማ ብዙም አትርቅም። እዚያ አንዲት አዛውንት በራቸው ላይ ተቀምጠው ኮካ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። «ዶኛ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። አፍሪካ ስላቸው እጄን ያዙና አልለቀቁኝም። ቡና አቀረቡልኝ፤ ከጓሯቸው የተለቀመ ነው። ቡና መነሻው የእኔ አገር እንደሆነ ስነግራቸው ልጃቸውን ጠርተው እንደገና እንድናገር አደረጉኝ። አባታቸው በሳምንት ሦስት ቀን ለጌታው በነጻ ሲሠሩ እንደነበር አጫወቱኝ። ስለ ቁንጥጫውም ጠየቅኳቸው። «ከተማ ስሄድ እጄን ደብቄ ነው የምሄደው» አሉኝ።

እንግዲህ ሳያ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሳያ ዘፈን፣ ከበሮና ጭፈራ ነው። ትልልቅና ትንንሽ ከበሮ አለ፣ በዱላ የሚፋቅ ባለመስመር ቀርከሃ አለ። መሪው እግሩ ላይ ቃጭል ያስራል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ግጥሙ ታሪካቸውን ይዟል። ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1980ዎቹ የኮሮይኮ አካባቢ ወጣቶች አነሱት፤ በ1988 የሳያ ባህል ንቅናቄ አቋቋሙ። ከዚያ ከበሮውን ይዘው ላ ፓዝ አደባባይ ወጡ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ እኛም የዚህ አገር ሕዝብ ነን፣ ቁጠሩን። የ2009ኙ ሕገ መንግሥት በስማቸው ጠርቶ አወቃቸው። በ2010 ዘረኝነትን የሚቀጣ ሕግ ወጣ። በ2012ቱ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ራሳቸውን የሚያስመዘግቡበት ቦታ አገኙ።

እኔ ባህልን እንደ ጌጥ ብቻ የማየት ልማድ ደስ አይለኝም። እነዚህ ሰዎች በከበሮ ነው መብት ያስከበሩት። በካርኒቫል ግን ካፖራሌስ የሚባለውን ባለ ቃጭል ቡትስ ጭፈራ ብዙ ሰው «ሳያ» ይለዋል። ካፖራል ማለት የባሪያ አሠሪው አለቃ ነው። የቶካኛ ሰዎች ይሄ ሲባል ይቆጣሉ፤ እውነታቸውን ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ላ ፓዝ ቪያ ፋቲማ ከሚባለው ሰፈር ወደ ኮሮይኮ ሚኒባስ አለ፤ ጉዞው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከኮሮይኮ ወደ ቶካኛ ታክሲ ይወስዳችኋል። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ሳያ በየቀኑ ለቱሪስት አይመታም፤ በዓል ሲኖር ወይም ማኅበሩን አስቀድማችሁ ስታነጋግሩ ነው፣ ክፍያውም ለማኅበሩ ይሁን። ኮካውንና ቡናውን ከራሳቸው ግዙ። ቆይታችሁ ሁለት ሌሊት ይሁን፤ ላ ፓዝ አድራችሁ ለቀን ጉብኝት ብቻ ብትመጡ ሰዎቹ ከእርሻ ሳይመለሱ እናንተ ትመለሳላችሁ።